መኪናችሁን ለማየት 20 ደቂቃ፣ ፋይሉን ለመዝጋት ሁለት ወር

ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል፣ መገናኛ። ሚኒባሱ ተሳፋሪ አይቶ ድንገት ቆመ። ከኋላው የነበረችው ቪትዝ ፍሬን ያዘች፤ ግን አልበቃትም። ፓራውልቷ ተሰነጠቀ፣ ኮፋኖዋ ጫፉ ላይ ተኮራመተ፣ የግራ መብራቷ ረገፈ። ረዳቱ ወርዶ አየና እንደ ሐኪም አንገቱን ነቀነቀ። «ኢንሹራንስ አላት አይደል?»

አላት። ያውም ሙሉ። ባለቤቷ የትራፊክ ፖሊሱን ጉዳይ ጨረሰ፣ ቅጽ ሞላ፣ የሊብሬና የመንጃ ፈቃድ ኮፒ አያይዞ አስገባ። «ኢንጂነሩ ያየዋል» ተባለ። ኢንጂነሩም አየው። 20 ደቂቃ አልፈጀበትም። ከዚያ በኋላ መኪናዋ ጋራዥ ግቢ ውስጥ አቧራ ለበሰች፤ የሰፈሩ ድመት ጣሪያዋን መኝታ አደረገው፤ ባለቤቷ ታክሲ ሲጋፋ ከረመ። ሁለት ወር።

ጥፋቱ የማን ነው ብላችሁ ብትጠይቁ ብዙ ሰው «ኢንጂነሩ ነዋ፣ ሰነፍ ነው» ይላችኋል። እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው፣ በራሴ መኪና እስኪደርስ ድረስ። የኔን ጉዳይ የያዘው ልጅ ስልኩ ለአፍታ አያርፍም ነበር። ከጋራዥ ጋራዥ ይሮጣል። ምሳውን ቆሞ ነው የሚበላው። እንዲህ የሚሯሯጥ ሰው እያለ ፋይሉ ለምን አይንቀሳቀስም? ጥያቄው ስላልለቀቀኝ የዘርፉን ሰዎች ስጠይቅ፣ ስለ ሥራው ሳነብ ከረምኩ። የገባኝን በቀላሉ ላስረዳችሁ።

ሥራውን የሚሠራው ሰው በሙያው ቋንቋ ሰርቬየር ወይም የክሌም፣ ማለትም የካሳ ጥያቄ፣ ኢንጂነር ይባላል። ጋራዥ ያሉት ባጭሩ «ኢንጂነሩ» ይሉታል። እኔ እዚህ ገማች እለዋለሁ። የሚመልሰው ሦስት ጥያቄ ነው። ይህ ጉዳት በእርግጥ በዚህ አደጋ የመጣ ነው? ለመጠገን ስንት ይፈጃል? መጠገኑስ ያዋጣል? ሦስቱንም የሚመልሰው መኪናዋ አጠገብ ቆሞ ነው፤ ቢያንስ እንደዚያ ይመስለናል።

ቀኑ ግን የሚያልፈው ሌላ ቦታ ነው። ጠዋት ቃሊቲ አንድ ጋራዥ ይሄዳል። መኪናዋ አልደረሰችም፤ ሪከቨሪው ዘግይቷል። ከዚያ ወደ ሲኤምሲ። እዚያ ያለችውን ባለፈው ሳምንት አይቷታል፤ ጋራዡ ፈትቶ «ተጨማሪ አለ» ስላለው ነው የተመለሰው። ቢሮ ሲገባ ዴስኩ ላይ የፖሊስ ሪፖርት የጎደለው ፋይል ይጠብቀዋል። ኃላፊው ፈርሞ ያልመለሰው ሌላ ፋይል አለ። አራት ደንበኞች ደውለው ነበር፤ የአራቱም ጥያቄ አንድ ነው፦ «የኔ ነገር ከምን ደረሰ?» ለእያንዳንዱ ፋይሉን ፈልጎ፣ አንብቦ፣ አስታውሶ ይመልሳል። እውነተኛው ግምት፣ ማለትም ዓይንና እጅ የሚሠራው ሥራ፣ ከቀኑ ቁራሽ ነው የሚደርሰው።

እዚህ ጋ አንድ ቀላል ሒሳብ ይረዳናል። ጆን ሊትል የሚባል አሜሪካዊ ፕሮፌሰር እ.ኤ.አ. በ1961 ማረጋገጫውን ያሳተመለት ሕግ ነው፤ ባንክ ሰልፍም ላይ፣ ሆስፒታልም፣ እንጀራ ቤትም ይሠራል። በእጅ ያለው የፋይል ብዛት እኩል ይሆናል በቀን የሚገባው ፋይል ሲባዛ አንድ ፋይል በሚቆይበት ቀን። አንድ ገማች እጁ ላይ 60 ፋይል አለ፣ በቀን በአማካይ 3 ይገባለታል፣ 3ም ይዘጋል እንበል። እንግዲህ አንድ ፋይል በአማካይ 20 የሥራ ቀን ይቆያል ማለት ነው። ገማቹ ምንም ያህል ጎበዝ ቢሆን፣ እጁ ላይ 60 ፋይል እያለ የናንተ ጉዳይ በሦስት ቀን የሚያልቀው የሌላ ሰው ወረፋ ሲወሰድ ብቻ ነው። «ሰው አለኝ» የሚባለው ነገር ሒሳቡ ይሄ ነው።

ሁለተኛው ሒሳብ ትንሽ ያስደነግጣል። አደጋ በቀጠሮ አይመጣም። ሐምሌ ላይ ዝናብ የጣለ ቀን አሥር ይገባል፣ በማግስቱ አንድ። አንዱ ፋይል በግማሽ ሰዓት ያልቃል፣ ሌላው ሦስት ሰዓት ይበላል። በእንዲህ ያለ የተዘበራረቀ ሥራ ላይ አንድ ሰው 80 በመቶ ጊዜው የተያዘ ከሆነ፣ አንድ ፋይል ተራው እስኪደርስ የሚጠብቀው ሥራው ራሱ ከሚወስደው ጊዜ 4 እጥፍ ገደማ ነው። 90 በመቶ ሲያዝ 9 እጥፍ ይሆናል። 95 በመቶ ላይ 19 እጥፍ! ስለዚህ «ሰዓቱን በሙሉ ይሥራ፣ ደቂቃ አይባክን» ብሎ ገማቹ ላይ ፋይል መከመር ምርታማነት አይደለም። የአለቃው ሪፖርት ላይ ያምራል እንጂ ሰልፉ ይፈነዳል።

ታዲያ ምን ይደረግ? ሰው ጨምሩ ማለት ቀላል ነው፤ ጥሩ ገማች ግን እንደ ጥሩ ላሜራ ቤት በቶሎ አይገኝም። ዓመታት ይፈጃል። እኔን ያሳመነኝ ሌላ መንገድ ነው፦ አንድ ፋይል ስንት ጊዜ ይነካል? ከመከፈቱ እስከ መዘጋቱ ገማቹ ስንት ጊዜ ያነሳዋል? ስድስት ጊዜ የሚነሳ ፋይል ወደ ሦስት ከወረደ፣ ያው ሰው፣ ባለው ሰዓት፣ ብዙ ይሠራል። ሳይሮጥ።

ከፓራውልት ጀርባ

ፋይልን ደጋግሞ የሚያስነሳው ትልቁ ምክንያት የተደበቀ ጉዳት ነው። እዚህ ጋ ትንሽ እንቆይ።

የዘመኑ ፓራውልት ፕላስቲክ ነው። ሲመታ ይገባል፣ ከዚያ ይመለሳል። ከውጭ የምታዩት ጭረትና አንድ ስንጥቅ ነው። ከጀርባው ግን ምቱን የሚቀበለው ብረት አለ፤ ከዚያ የኤሲው ኮንደንሰር፣ ከዚያ ራዲያተሩ፣ ራዲያተሩን የተሸከመው ፍሬም፣ መብራቱን የያዙት የፕላስቲክ እግሮች። ፕላስቲኩ ተመልሶ ቆንጆ ሆኖ ቆሟል፤ ብረቱ አልተመለሰም። ገማቹ ቆሞ አይቶ «ፓራውልት፣ ኮፋኖ፣ መብራት» ብሎ ይጽፋል። ትክክል ነው፤ የሚታየው ያ ነው።

ቀጥሎ ምን ይሆናል? በኛ አገር ብዙ ጊዜ ዝርዝሩ ለጋራዦች ይላካል፣ ጋራዦቹ ዋጋ ያስገባሉ፣ ርካሹ ያሸንፋል። ያሸነፈው መኪናዋን ይፈታል። ሲፈታ ራዲያተሩ የቆመበት ፍሬም ተጣሟል። ይደውላል፦ «ኢንጂነር፣ ተጨማሪ አለ።» ገማቹ እንደገና ይሄዳል። አዲስ ዝርዝር፣ አዲስ ዋጋ፣ አዲስ ፊርማ። ዕቃ ፍለጋው ከሀ ይጀምራል። አንድ አደጋ ነበር፤ አሁን ሁለት ፋይል ሆኗል ማለት ይቻላል።

ጨረታው ራሱ ነገሩን ያባብሰዋል። አንደኛ፣ ሦስት ጋራዥ ዋጋ ካላስገባ አይከፈትም ከተባለ፣ የፋይሉ ፍጥነት የሦስቱ ዘገምተኛ ፍጥነት ነው። ሁለተኛ፣ ለማሸነፍ ብሎ ከወጪው በታች የገባ ጋራዥ ኪሳራውን ከየት ያካክሳል? «ተጨማሪ አለ» ከሚለው ነዋ። ሁሉም እንዲህ ያደርጋል አልልም፤ አሠራሩ ግን በሩን ከፍቶ ይጠብቃቸዋል።

መፍትሔው የታወቀ ነው፤ ወግ ያለው ላሜሪስት ሁሉ ይነግራችኋል። መጀመሪያ ይፈታ፣ ከዚያ ይገመት። ለመፍቻው ለጋራዡ መጠነኛ ክፍያ ይታሰብለት፤ ጥገናውን ቢያገኝም ባያገኝም። ገማቹ የሚሄደው መኪናዋ ተፈትታ፣ የተጎዳው ሁሉ መሬት ላይ ተደርድሮ ሲጠብቀው ነው። አንድ ጉዞ። የመፍቻው ብር ከሁለተኛው ጉዞ፣ ከሁለተኛው ፊርማና መኪናዋ ያለሥራ ከምትቆምበት ሳምንት ጋር ሲነጻጸር ምንም ነው። የሚከፈለው ስለሚታይ ያስቆጫል፤ የሚባክነው ስለማይታይ አያስቆጭም፤ ችግሩ እሱ ነው።

ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላ ነገር አለ፦ ከጨረታ ይልቅ አስቀድሞ የተስማሙበት የእጅ ዋጋ። አሜሪካ ውስጥ ኢንሹራንሶች ከመረጧቸው ጋራዦች ጋር እንዲህ ይዋዋላሉ፤ ጋራዡ ግምቱን ራሱ ያዘጋጃል፣ ኢንሹራንሱ መርጦ ይመረምራል። ጀርመን ውስጥ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1966 የተመሠረተው አውዳቴክስ የሚባለው ድርጅት ዋና ሐሳቡ ለእያንዳንዱ ሞዴል፣ ለእያንዳንዱ ዕቃ መፍቻና መግጠሚያ የሚፈጀውን ሰዓት በዝርዝር መመዝገብ ነበር። የቪትዝ የፊት ስፖርቴሎ ለመቀየር ስንት ሰዓት ይፈጃል? መልሱ ከሰንጠረዥ ይወጣል። ክርክሩ ስለ ሰዓት ዋጋ ብቻ ይሆናል፤ እሱም በዓመት አንዴ ይጨረሳል። በየመኪናው መጨቃጨቅ ይቀራል።

ቀለሙ ይመሰክራል

ገማቹን ከማሽን የሚለየው ሥራ የትኛው ነው ብትሉኝ የመጀመሪያው ጥያቄ ነው፦ ይህ ጉዳት የዛሬ ነው?

የምናውቀው ነገር ነው። ፓራውልቱ የተሰነጠቀበት ሰው «እግረ መንገዱን የኋላውን ስፖርቴሎም አብረህ ጨርስልኝ» ይላል። ስፖርቴሎው የተፋቀው አምና፣ የግቢው በር ላይ ነው። ጋራዡም አይጠላም።

ጥሩ ገማች ጎንበስ ይላል። አዲስ ስንጥቅ ጠርዙ ንጹሕና ስለታም ነው፤ የቆየው ውስጡ አቧራ ይዟል፣ ጠርዙ ደብዝዟል። ቀለሙ የተነሳበት ብረት የዛሬ ከሆነ ያበራል፤ ክረምት ያለፈበት ከሆነ ዝጓል። ከዚያ ቁመት ይለካል። መኪናዋ ከሚኒባስ ጋር ተጋጨች ከተባለ፣ የሚኒባሱ ፓራውልት ከመሬት ስንት ሴንቲሜትር ላይ ነው? የሷ ጭረትስ? ካልተገናኙ አንዱ ይዋሻል። የሌላው መኪና ቀለም ጭረቱ ላይ ተለጥፎ ይገኛል፤ ነጭና ሰማያዊ ታክሲ መትቶኝ ነው ያለ ሰው ጎኑ ላይ ቀይ ቀለም ከተገኘ ጥያቄ አለ። የጭረቱ አቅጣጫም ይናገራል፤ ቆማ የተገጨች መኪናና እየሄደች ራሷን ያስፋቀች መኪና ጭረታቸው አንድ አይደለም።

ይህ ሥራ ጊዜ ይፈልጋል። ሊጣደፍ አይገባም። ሌላውን ሥራ እናቅልል የምለውም ለዚህ ነው፦ ገማቹ ጎንበስ የሚልበት ጊዜ እንዲያገኝ።

በስልክ መለየት

ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ስትገቡ መጀመሪያ የሚያያችሁ ለይቶ የሚመራ ነርስ ነው። ጉንፋኑንና የልብ ሕመሙን በአንድ ወረፋ አያሰልፍም። ክሌም ክፍል ግን ብዙ ቦታ የተሰበረ ስፔኪዮና የተገለበጠ አይሱዙ አንድ ወረፋ ይይዛሉ።

ለመለየት ኢንጂነር አያስፈልግም። ስልክ የሚያነሳው ሰው የሚጠይቃቸው ጥቂት ጥያቄዎች ይበቃሉ። መኪናዋ በራሷ ትነዳለች? ኤርባግ ፈንድቷል? ከሥር የሚፈስ ነገር አለ? ጎማው ቀጥ ብሎ ቆሟል? በሮቹ ሁሉ ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉ? የተጎዳ ሰው አለ? ትነዳለች፣ ኤርባግ አልፈነዳም፣ የሚፈስ የለም፣ ጭረትና ስፔኪዮ ብቻ ከሆነ ማንም የትም መሄድ የለበትም። በፎቶ ይገመት፣ ገንዘቡ ይከፈል፣ ይዘጋ። እንዲህ ላለው ትንሽ ጉዳት ገማች ቃሊቲ ድረስ መላክ የቤንዚን ብቻ ሳይሆን የሰው ብክነት ነው።

በሌላኛው ጫፍ ደግሞ ኤርባጓ የፈነዳ፣ ሻንሲዋ የተጣመመ አሮጌ መኪና አለች። እዚህ ጋ የሚሠራው ስህተት ተቃራኒው ነው፦ ጥገናው እንደማያዋጣ የመጀመሪያው ቀን እየታወቀ ሙሉ ዝርዝር ይዘጋጃል፣ ጋራዦች ዋጋ ይሰጣሉ፣ ከወር በኋላ «አታዋጣም» ይባላል። ቨርጂኒያና ሜሪላንድ የሚኖሩ ዘመዶቻችሁ «መኪናዬ ቶታል ሆነች» ሲሉ ሰምታችሁ ይሆናል። ሁለቱም ግዛቶች ውስጥ 75 በመቶ የሚል መስመር አለ፤ ዝርዝሩ ቢለያይም፣ የጥገናው ወጪ ከመኪናዋ ዋጋ ያንን ካለፈ መኪናዋ ቅሪት ተብላ ትመዘገባለች። ቴክሳስ ውስጥ መስመሩ 100 በመቶ ነው። መስመሩ የትም ይሁን የት ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ ገማቹ ግምቱ መስመሩን እንዳለፈ ብዕሩን አስቀምጦ ወደ ቀጣዩ ይሄዳል።

መሃል ላይ የቀሩት፣ እንደኛዋ ቪትዝ ያሉት፣ እነሱ ናቸው ገማች በአካል የሚያስፈልጋቸው። ተፈትተው።

ፎቶ ስል ግን ማንኛውንም ፎቶ አይደለም። ጭለማ ውስጥ፣ አንድ ጣት ግማሹን ሸፍኖ፣ በቴሌግራም ተጨምቆ የተላከ ፎቶ ገማቹን ያው እንዲሄድ ነው የሚያደርገው። ከአራቱም ማዕዘን አንድ አንድ፣ ሰሌዳው የሚታይበት፣ የሻንሲ ቁጥሩ፣ ኪሎሜትር ቆጣሪው፣ ከዚያ ጉዳቱ ከሦስት ሜትርና ከቅርብ፤ ከቅርቡ ላይ ለመጠን የሚሆን ነገር፣ እስክሪብቶም ቢሆን፣ አጠገቡ ተይዞ። ኮፋኖው የሚከፈት ከሆነ ተከፍቶ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

የብር ጉዳይ

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪውን ለገበያ ሲለቀው አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። ስለ ምግብ ዘይትና ስለ መድኃኒት ብዙ ተባለ፤ ገማቹን ግን ማንም አላስታወሰውም።

የቪትዝ መብራት ዋጋ ስንት ነው? ሶማሌ ተራ ጠዋትና ከሰዓት ሁለት ዋጋ ይኖረዋል። ገማቹ ሰኞ የጻፈው ዋጋ ፊርማው ሲያልቅ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ዕቃውን አይገዛም። ጋራዡ ይመልሰዋል። ፋይሉ እንደገና ይነሳል። እዚህ ጋ ፋይሉን የገደለው መዘግየቱ ራሱ ነው፤ መዘግየት ሌላ መዘግየት ይወልዳል። መድኃኒቱ በየመኪናው ፕሮፎርማ መሰብሰብ ሊሆን አይችልም። ብዙ የሚሰበሩ ዕቃዎች አሉ፤ የቪትዝ፣ የኮሮላ፣ የያሪስ፣ የሚኒባስ መብራት፣ ፓራውልት፣ ፓራፋንጎ፣ ስፔኪዮ። የእነዚህን ዋጋ በየሳምንቱ የሚያጣራ አንድ ሰው ከተመደበ ሌሎቹ ገማቾች ሁሉ ከገበያ ዙረት ይድናሉ። ይህን ለመሥራት ኤክሴል ይበቃል፤ ሚሊዮን ብር የሚያወጣ ሶፍትዌር አይጠይቅም።

ከዚሁ ጋር የመጣ ሌላ መዘዝ አለ፤ ደንበኛውን የሚያስለቅሰውም እሱ ነው። መኪናችሁን 1 ሚሊዮን ብር ብላችሁ ኢንሹራንስ ገባችሁ እንበል። አደጋው በደረሰ ቀን ገበያው ላይ 2 ሚሊዮን ታወጣለች። የ200 ሺህ ብር ጉዳት ደረሰባት። ሙሉ ኢንሹራንስ ነው ብላችሁ 200 ሺህ ትጠብቃላችሁ። በብዙ ውሎች ውስጥ ግን አቬሬጅ የሚባል አንቀጽ አለ፤ የመኪናዋን ግማሽ ዋጋ ነው ያስመዘገባችሁት፣ ስለዚህ የጉዳቱን ግማሽ፣ 100 ሺህ ብር ነው የምታገኙት። ከዚያም ላይ ኤክሰስ፣ ማለትም ከራሳችሁ ኪስ የምትሸፍኑት ድርሻ ይቀነሳል። ይህን ዜና የሚያረዳችሁ ያው ገማቹ ነው። ክርክሩ፣ ቅሬታው፣ «አለቃህን አገናኘኝ» የሚለው ሁሉ የሱን ሰዓት ይበላል። ውሉ ሲታደስ አንድ ሰው ደውሎ «የመኪናዎ ዋጋ ጨምሯል፣ እናስተካክለው?» ቢል ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር። የገማቹ ሥራ የሚቀለው አንዳንዴ ሽያጭ ክፍል ውስጥ ነው።

ፊርማውንም ሳንረሳ። ገማቹ አይቶ፣ ገምቶ፣ ጽፎ ጨርሷል። ፋይሉ ኃላፊው ጋ ይሄዳል፤ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው። እስከተወሰነ መጠን ገማቹ ራሱ ይወስን፤ ከዚያ በኋላ ከዘጋቸው መሃል በዕጣ ጥቂት ወጥተው በደንብ ይመርመሩ። «ሌብነት ይበዛል» የሚል ስጋት አለ፤ ባዶ ስጋትም አይደለም። ግን አስቡት፦ በቀን 40 ፋይል የሚፈርም ኃላፊ አንዱንም አያነብም። ከ40 ውስጥ ሁለቱን ብቻ፣ ግን ጋራዥ ድረስ ሄዶ የሚያይ ሰው ይበልጥ ያስፈራል።

ለ«የኔ ነገር ከምን ደረሰ?» ደግሞ መልሱ አጭር መልእክት ነው። ታይቷል፣ ጸድቋል፣ ዕቃ እየተጠበቀ ነው። ባንኮቻችን 50 ብር ሲቆረጥብን በሰከንድ ይነግሩናል፤ ይህን ያህል አይከብድም።

ፎቶ አይቶ የሚገምት ማሽን

«አሁን እኮ ኤአይ አለ» የምትሉ አላችሁ። አለ። እ.ኤ.አ. በ2014 ለንደን ውስጥ የተመሠረተው ትራክተብል የመኪና ጉዳት ፎቶ አይቶ የሚገምት ፕሮግራም ይሠራል። ቻይና ውስጥ አንት ፋይናንሺያል በ2017 ዲንግሱንባኦ የሚባል ተመሳሳይ ነገር አውጥቷል። ማሽኑ ብዙ የተጎዱ መኪናዎችን ፎቶ፣ ከነተሠራላቸው ጥገና፣ አይቶ ይማራል። ከዚያ አዲስ ፎቶ ሲሰጡት «ይህ ፓራፋንጎ ነው፣ ተጎድቷል፣ ይቀየር» ይላል። ለጭረትና ለስፔኪዮ ጥሩ ነው።

እንዳለ አምጥቶ እዚህ መትከሉ ላይ ግን እጠራጠራለሁ። የመጀመሪያው ምክንያት ያው ከፓራውልት ጀርባ ያለው ነው፤ ካሜራ ፕላስቲክ አሳልፎ አያይም። ሁለተኛው ይበልጥ ያሳስበኛል። የሠራተኛ ሰዓት ውድ፣ ዕቃ ግን በቶሎ የሚገኝበት አገር ላይ የተጎዳ በር አውጥቶ መጣልና አዲስ መግጠም ያዋጣል። እኛ ጋ ተገላቢጦሽ ነው። የኛ ላሜሪስት በመዶሻና በእጁ የሚያቃናውን ስፖርቴሎ፣ በብየዳ የሚሰፋውን ፓራውልት፣ እዚያ የተማረው ማሽን «ቀይር» ይለዋል። ዕቃው ደግሞ ከተማው ውስጥ የለም። በፈጣን መንገድ የተሳሳተ ግምት ይወጣል ማለት ነው። ማሽን ይምጣ ከተባለ በኛ ጋራዥ ጥገና፣ በኛ ዋጋ ይማር። ለዚያ ደግሞ የቆዩት ፋይሎች ፎቶአቸውና ዋጋቸው በወጉ ተቀምጦ መገኘት አለበት፤ መጋዘን ውስጥ አቧራ የበላው ካርቶን ማሽን አያስተምርም።

ከማሽኑ በፊት የሚለወጥ አንድ ነገር አለ፤ የሚቆጠረው ቁጥር። ገማች የሚመዘነው በወር በዘጋው ፋይል ብዛት ከሆነ ምን እንደሚያደርግ እናንተም ታውቃላችሁ። ቀላሉን ይለቅማል። ከባዱ ከሥር ይቀራል፣ ያረጃል። አንዳንዱ ደግሞ ቶሎ ይዘጋና ከሳምንት በኋላ «ተጨማሪ» ተብሎ ይከፈታል፤ ሁለቴ ይቆጠርለታል። ከዚህ ይልቅ ስንቱ ፋይል ከተዘጋ በኋላ ዳግም ሳይከፈት ቀረ? ከዘጠኝ ቀን በላይ ማንም ሳይነካው የተቀመጠ ስንት አለ? የሚሉት ቢቆጠሩ ሰውዬው መጀመሪያውኑ መኪናዋን ያስፈታታል።

አዲሱ ራስ ምታት ኤሌክትሪክ መኪናው ነው። ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ስለከለከለ ቢዋይዲና የቻይና ቮልስዋገን መንገዱን ሞልተውታል። የእነዚህ ባትሪ ወለሉ ሥር ተነጥፏል፤ ከመኪናዋ ዋጋም ትልቁን ድርሻ ይይዛል። እንግዲህ አንዷ ያልታየ የመንገድ ድንጋይ ላይ ወጣች፤ ከሥር ተፋቀች። ከላይ ስታዩዋት አንድ ጭረት የለባትም፤ ትነዳለች፣ ምንም አይፈስም፣ በስልክ ጥያቄዎቹ መሠረት «ቀላል» ትባላለች። የባትሪው ሽፋን ላይ ያለችው ስርጉድ ግን ጭረት ብቻ ልትሆን ትችላለች፣ ወይም ውስጡን ነክታው ይሆናል። በመጀመሪያው ግምት ትንሽ ብር ነው፤ በሁለተኛው የመኪናዋ ግማሽ ዋጋ። ለነዚህ አንድ ጥያቄ መጨመር ይኖርበታል፦ ከሥር ነክቷታል? አዎ ከተባለ በፎቶ አይታለፍም፤ በእጅ መንካትም አይገባም። ከፍተኛ ቮልቴጅ የተማረ ሰው ተጠርቶ፣ መኪናዋ ሊፍት ላይ ወጥታ፣ ኮምፒውተር ተሰክቶ የባትሪው ሴሎች አንድ በአንድ ይነበባሉ። ገማቹም መብራቱን ይዞ ከሥሯ ይቆማል። ግማሽ ቀን ሊፈጅበት ይችላል፤ ይፍጅበት።